ግጭትና የደራሲው ርኅራኄ

ጀማሪ ጸሐፍትን «በልቦለድ ውስጥ ግጭት ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ጠብ» የሚል ነው። በድርሰቶቻቸውም ባልና ሚስት ይጨቃጨቃሉ፤ ጎረቤታሞች በወሰን ይካሰሳሉ፤ ዱላም ይማዘዛሉ። ታሪኩ ግን ከቆመበት ፈቀቅ አይልም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጠብና ግጭት የሚለያዩበትን ነጥብና ደራሲው ግጭት ለመፍጠር የሚቸገርበትን አንድ ምክንያት ለማሳየት እሞክራለሁ።

ግጭት የሚጸነሰው ገጸ ባሕርይው አጥብቆ በሚሻው ነገርና ከዚያ በሚያግደው ኃይል መካከል ነው። አጋጁ ኃይል ሌላ ሰው፣ ኅብረተሰብ፣ ተፈጥሮ ወይም የራሱ የገጸ ባሕርይው ኅሊና ሊሆን ይችላል። ይህ የታወቀ አከፋፈል ነው። በእኔ አመለካከት ግን ግጭቱ የሚጠነክረው አጋጁ ኃይል ራሱ በገጸ ባሕርይው ዘንድ ክብር ያለው ሲሆን ነው። የሚንቀውን ነገር ረግጦ ቢያልፍ የሚያጣው የለምና።

ለዚህ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ጥሩ አብነት ይሆነናል። ስለ መጽሐፉ ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው። በእርግጥም በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የሚለያየው የመደብ አጥር ጎልቶ የሚታይ ውጫዊ ግጭት ነው። ይሁን እንጂ በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር አገልግሎት የተሳሉት ልጅ ነው። ፊታውራሪውን ቢጠላቸው ማንም አይፈርድበትም፤ የወላጆቹን ስለት ግን ሊጠላው አይችልም። ስለዚህ ሰብለን መውደዱ ከጌቶች ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱም ጋር ያጋጨዋል።

ይህን በንባብ መረዳትና በጽሑፍ መፈጸም ግን ለየቅል ናቸው። ከዓመታት በፊት ስለ አንድ የእድር ገንዘብ ያዥ አጭር ልቦለድ ጽፌ ነበር። ሰውየው ልጁ ሲታመምበት የእድሩን ገንዘብ ለሕክምና ያውለዋል። ሳይተካው ጎረቤቱ የሆነች ሴት ትሞታለች። እድርተኛው ገንዘቡን በሚጠይቅበት ዕለት ዋዜማ፣ አጎቱን በሬ አሽጬ ከገጠር አመጣሁለት። ጽሑፉን ያነበበ ጓደኛዬ «ያዳነው አጎቱ መስሎሃል፤ ያዳንከው አንተ ነህ» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሰውየውን ስለወደድኩት እንዲዋረድ አልፈቀድኩም።

እንደገና ስጽፈው አጎቱን አስቀረሁ። ሟቿንም ልጁን በሕመሙ ጊዜ ስታስታምም የነበረች ጎረቤት አደረግኋት። አሁን ዝም ቢል ባለውለታውን ይበድላል፤ ቢናገር የሰፈሩን እምነት ያጣል። በመጨረሻ በለቅሶው ድንኳን፣ በእድሩ ዳኛ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ተናገረ። በመጀመሪያው ረቂቅ ደግ አባት መሆኑን ብቻ አውቅ ነበር፤ ምን ያህል ደፋር እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ሲቆም ነው።

እንግዲህ ረቂቁን የያዘ ተማሪ ራሱን ሁለት ነገር ቢጠይቅ እመክራለሁ። ገጸ ባሕርይዬ ምን ይፈልጋል? ያን ለማግኘትስ ከሚወደው ነገር ምን ያጣል? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከታጣ የተጻፈው ጠብ ነው። መልሱ ተገኝቶ ደራሲው ከሸሸው ደግሞ፣ እኔ እንዳደረግሁት በሬ የሸጠ አጎት በሩ ላይ ቆሟል ማለት ነው።