በአሮጌ አውቶሞቢል ውስጥ የመካከለኛውን ሣጥን ስለ ማዘመን

የአሮጌ አውቶሞቢል ባለቤት መኪናውን ሸጦ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ያለውን ማደስ የሚመርጥበት ምክንያት ከነጋዴ የተሰወረ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ መጠን ታክሱ እንዲከብድ አደረገ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው እጅግ ከፍ አለ። ስለዚህም ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳፈርበት መኪና ዕድሜ ጠገብ ነው። ባለቤቱም ሞተሩን ካስጠገነ በኋላ ዐይኑን የሚጥለው በመኪናው ውስጥ፥ ይልቁንም በእጁ አጠገብ ባለው ሥፍራ ላይ ነው። ይህ ፍላጎት ለአስመጪውም ለባለሱቁም አዲስ ንግድ ከፍቷል፤ ዳሩ ግን ዕቃው እንደ ጌጥ ብቻ ከተሸጠ ተመልሶ የሚመጣ፥ አንዳንዴም መኪናውን የሚያቃጥል ሸቀጥ ይሆናል።

በሾፌሩና በጎኑ በሚቀመጠው ሰው መካከል፥ ከክሩስኮቱ ሥር ተነሥቶ ካምቢዮውን አልፎ እስከ እጅ ፍሬኑ የሚደርሰው ሣጥን መሰል ክፍል በፈረንጆች አጠራር ኮንሶል ይባላል። ጥንት በብዙ መኪኖች ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማ በሚነዳበት መኪና ውስጥ ኃይልን ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ዘንግ በወለሉ መካከል ስለሚያልፍ በዚያ ላይ የብረት ጉብታ ይሠራል፤ ዝቅ ብለው የሚሠሩት የስፖርት አውቶሞቢሎች ደግሞ ይህ ጉብታ ጎልቶ ስለሚታይባቸው ሠሪዎቹ በቆዳና በምንጣፍ አልብሰው፥ ሰዓትና ራዲዮ ጨምረውበት መልክ ሰጡት። ዛሬ በማንኛውም መኪና የምናየው መካከለኛ ሣጥን ከዚያ ልማድ ጋር የተዛመደ ነው።

በቦረናና በለጋምቦ ደጋ የስፖርት አውቶሞቢል ፍለጋ መውጣት ከንቱ ድካም ነው። ነገር ግን ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራው የ70 ዐይነት ላንድክሩዘር በመካከሉ ተመሳሳይ ጉብታ አለው፤ በላዩም አንዱ የማርሽ፥ ሁለተኛው የአራቱ ጎማ ማስገቢያ የሆኑ ሁለት ዘንጎች ይቆማሉ። አዲስ ሣጥን የሚያሠራ ሰው ሁለቱም ዘንጎች እስከ መጨረሻው ሲሳቡና ሲገፉ የሚበቃቸውን ሥፍራ አስቀድሞ መለካት አለበት፤ የእጅ ፍሬን በመካከል ባለበት መኪናም እንዲሁ። ቁልቁለት ላይ የእጅ ፍሬኑ ከሣጥኑ ክዳን ጋር ተጋጭቶ ግማሽ መንገድ ቢቀር የሚደርሰውን አደጋ ማስረዳት አያስፈልግም።

በአዲስ አበባ አሁንም የሚወደደው አሮጌው ቮልስዋገን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የዚህ መኪና ሞተር ከኋላ ነው፤ ሆኖም በመካከሉ ጉብታ አለው፤ በጉብታው ውስጥ የማርሽ ዘንግ፥ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ገመድ፥ ከሁሉም በላይ ቤንዚን ከፊት ወደ ኋላ የሚያመላልሰው ቱቦ ያልፋል። ከ1955 እስከ 1974 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው፥ የስፖርት መልክ ያለው ካርማን ጊያም በዚሁ በቮልስዋገን አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው። እንግዲህ አዲስ ሣጥን ለማሰር ሲባል ጉብታውን በትሬፓኖ የሚበሳ ሰው የቤንዚን ቱቦ ሊበሳ እንደሚችል ይወቅ። ለእንዲህ ያሉ መኪኖች ተገቢው ሣጥን ያለ ብሎን በጉብታው ላይ ተደላድሎ የሚቀመጠው፥ ወይም በወንበሩ ሐዲድ ላይ የሚታሰረው ነው።

የዕቃው ልክ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። የራዲዮ ቀዳዳ በዓለም የታወቀ መጠን አለው፤ ይኸውም ነጠላው 180 ሚሊሜትር ስፋትና 50 ሚሊሜትር ከፍታ ሲሆን፥ ድርቡ በዚያው ስፋት 100 ሚሊሜትር ከፍታ አለው። ብዙዎቹ ቶዮታዎች ግን ቀዳዳቸው 200 ሚሊሜትር ስለ ሆነ 180 ሚሊሜትር የሆነው ስክሪን ሲገባ በግራና በቀኝ አሥር አሥር ሚሊሜትር ክፍት ይቀራል። ይህን የሚሞላው የላስቲክ ክፈፍ ዋጋው ትንሽ ነው፤ አስመጪው ሳያመጣው ሲቀር ገዢው ክፍተቱን በካርቶንና በማጣበቂያ ይደፍነዋል። ከዚህም በላይ የቆዩት መኪኖች ሁለት መዘውር ያለው ትንሽ ራዲዮ ስለ ነበራቸው ቀዳዳቸው ለዛሬው ዕቃ አይበቃም፤ ያኔ ባለ መጋዙ ሠራተኛ ክሩስኮቱን ሊቆርጥ ይነሣል። የተቆረጠ ክሩስኮት ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ መኪናውን እንደ ቅርስ የሚፈልግ ገዢ ቢመጣም ዋጋውን ቀንሶ ይሄዳል።

በዚህ ረገድ የጀርመኑ የፖርሽ ኩባንያ ያደረገው ልብ ሊባል ይገባል። ኩባንያው በ2020 (እ.ኤ.አ.) ለአሮጌ የስፖርት መኪኖቹ ስልክ የሚያገናኝና መንገድ የሚመራ ትንሽ ስክሪን ያለው ራዲዮ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ፤ መጠኑን በቀድሞው ነጠላ ቀዳዳ ልክ አደረገው፤ ፊቱና መዘውሮቹም ከአሮጌው ክሩስኮት ጋር እንዲስማሙ ሆነው ተሠሩ። እንዲህ ያለው ዕቃ ዋጋው ውድ ስለ ሆነ ለእኛ ገበያ አይመከርም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ አዲሱ ዕቃ ለአሮጌው ቤት ይስማማ እንጂ አሮጌው ቤት ለአዲሱ ዕቃ አይፍረስ። ይህ ካልተቻለ አዲሱን ስክሪን፥ የስልክ መሙያውንና የብርጭቆ ማስቀመጫውን ሁሉ በተለየ ሣጥን ሠርቶ ከክሩስኮቱ በታች ማኖር ይቻላል፤ ሣጥኑ በተነሣ ጊዜ መኪናው እንደ ነበረ ይገኛል።

ከሁሉ የሚበልጠውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። አብዛኛው የመኪና ዕቃ ለ12 ቮልት የተሠራ ነው። ከ1967 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልስዋገኖች ግን 6 ቮልት ናቸው፤ ዛሬ የሚሸጠው የስልክ መሙያ በእነዚህ ላይ ወይ ከቶ አይሠራም ወይም በደካማ ኃይል ይንቀረፈፋል። ኤም ጂ ቢ የተባለው የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ደግሞ ከ1962 ጀምሮ ሲሠራ እስከ 1967 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ማሳው፥ ማለት ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪ ጫፍ፥ ፖዘቲቩ ነበረ፤ በዚያ ላይ የዛሬውን ራዲዮ ያለ ምርመራ ያሰረ ሰው ወዲያው ያቃጥለዋል።

ለወሎ ነጋዴ ይልቅ የሚያሰጋው 24 ቮልቱ ነው። አይሱዙ የጭነት መኪናዎች በአብዛኛው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ከላንድክሩዘሮችም እንዲሁ 24 ቮልት የሆኑ አሉ። የሞተሩ ጉልበት ሲጨመርም ቮልቱ ወደ 28 ይጠጋል። ብልህ ነኝ የሚል ሠራተኛ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ይስባል፤ ስክሪኑ ይበራል፤ ባለቤቱም ይደሰታል፤ ነገር ግን አንዱ ባትሪ ዘወትር እየጎደለ ሌላው ከልክ በላይ ስለሚሞላ በጥቂት ወራት ሁለቱም ይበላሻሉ። ትክክለኛው መንገድ 24ን ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ መለወጫ ማስገባት ነው። ባለሱቁ ስክሪን ከመሸጡ በፊት «መኪናው ስንት ቮልት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ክብሩን አይቀንስም።

የሽቦውና የፊውዙ ሂሳብ ቀላል ነው። ሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ የሚሞላ ባለ 36 ዋት መሙያ በ12 ቮልት ሲካፈል 3 አምፔር ይስባል፤ ስክሪኑና የድምፅ ማጉያው ሲጨመሩ ከዚህ ይበልጣል። ለዚህ ሁሉ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ከ10 አምፔር ፊውዝ ጋር ይበቃል፤ ፊውዙም የሚታሰረው በሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን ከባትሪው አጠገብ ነው። ምክንያቱም ፊውዝ የሚጠብቀው ከእርሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነው፤ ከባትሪው እስከ ሣጥኑ ያለው ሽቦ በብረት ጠርዝ ተልጦ ከመኪናው አካል ጋር ቢነካካ በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ፊውዝ ምንም አይረዳም። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መልሶ መሰካት በአንዳንድ ሾፌር ዘንድ እንደ ብልኀት ይቆጠራል፤ ይህ ግን ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ፥ ማለት ምንጣፉንና ወንበሩን ለእሳት ማቅረብ ነው።

በስክሪኑ ጀርባ ከሚወጡት ሽቦዎች በተለመደው አሠራር ቢጫው ዘወትር ከባትሪ ኃይል የሚያገኝ፥ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚሠራ፥ ጥቁሩ ደግሞ የማሳ ነው። ቀዩንና ቢጫውን አንድ ላይ ጠምዝዞ ማሰር ለሠራተኛው ጊዜ ይቆጥባል፤ የሚከፍለው ግን ባለቤቱ ነው። ለምሳሌ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና ዓርብ ማታ አቀስታ ላይ ቢቆምና በስሕተት የታሰረው ስክሪን ግማሽ አምፔር እየሳበ ቢያድር፥ እስከ ሰኞ ጠዋት በ60 ሰዓት ውስጥ 30 አምፔር ሰዓት ይጠፋል። የለጋምቦ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በውርጭ ወራት ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ባትሪ ከመስጠት አቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የቀረው ኃይል የናፍጣ ሞተር ለማስነሣት መብቃቱ አጠራጣሪ ነው። እንዲህ ባለ ጠዋት ተሳፋሪ እየጠበቀ መኪና መግፋት ለማንም አይመኙለትም፤ ጥፋቱም የሚነገረው በሠራተኛው ላይ ሳይሆን ዕቃውን በሸጠው ባለሱቅ ላይ ነው።

የአገሩ ጠባይም ዕቃ ያስመርጣል። ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ጉንደወይን የሚሻገር መኪና በአንድ ቀን ብርዱንም የቆላውንም ሐሩር ያገኛል። በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ የስልክ ማንጠልጠያ ቆላ ሲደርስ ይለቃል፤ በኮረኮንች ላይ ደግሞ ያለ ጠጋ ያለ ቀለበት የታሰረ ብሎን ይላላል። ስለዚህ በብሎን የሚታሰረውን፥ ለሽቦ መሰኪያውም አቧራ የሚከላከል ክዳን ያለውን ዐይነት ማዘዝ ይሻላል፤ የዋጋው ልዩነት ጥቂት ነው።

የሣጥኑ አካል ሁሉ ከውጭ ይምጣ የሚል ሕግ የለም። የደጋው በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ በውጭ አገር ለእጅ ጓንት የሚፈለግ ነው፤ ይኸው ጠባዩ ለካምቢዮ ልብስም ያመቻል፤ ዘንጉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሳይሰነጠቅ ይታጠፋልና። ኮምቦልቻ ላይ የቆዳ ፋብሪካ መኖሩም ይታወቃል። ለሣጥኑ እንጨት ዋንዛ ቀላልና ለመጥረብ የሚመች ነው፤ ነገር ግን በሚገባ ያልደረቀ እንጨት በቆላው ሙቀት ስለሚጣመም አናጺው ጊዜ ወስዶ የደረቀውን ይምረጥ። ስክሪኑም ሾፌሩ እየነዳ ተንቀሳቃሽ ሥዕል እንዳያሳይ ሆኖ መታሰር ይገባዋል፤ ይህን የሚከለክለውን ሽቦ ከእጅ ፍሬኑ ጋር ሳያገናኙ የሚያልፉ ሠራተኞች አሉ።

ለባለሱቁ የሚቀለው ስክሪኑን ለብቻው ከመሸጥ ይልቅ ክፈፉን፥ ባለ 10 አምፔር ፊውዙን ከነማቀፊያው፥ አምስት ሜትር ሽቦውን፥ ለ24 ቮልት መኪና ደግሞ መለወጫውን በአንድ ጥቅል አድርጎ ማቅረብ ነው። ከመኪናው የወጣው አሮጌ ራዲዮና ክፈፍም አይጣል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለባለቤቱ ይመለስለት፤ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማግኘት ብዙ የሚዞር ሰው አለ።