መካከለኛው መንገድና የመራጩ ፍርድ

በምርጫ የሚወዳደር ሰው ሁለት ወገኖች አጥብቀው በሚከራከሩበት ጉዳይ ላይ መካከለኛውን መንገድ ቢይዝ ወንበሩን ያድናል የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። በአሜሪካ በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ላይ የተደረገው ክርክር ይህን አስተያየት ለመመርመር የሚረዳ ምሳሌ ነው። በአንድ ወገን ጋብቻው ይፈቀድ የሚሉ፥ በሌላው ወገን ይከልከል የሚሉ ተሰለፉ፤ በመካከላቸውም «የሲቪል ኅብረት» የሚባል ሦስተኛ አሳብ ተነሣ። ይኸውም ሁለት ሰዎች በመንግሥት መዝገብ ተመዝግበው የውርስን፥ በሕመም ጊዜ አንዱ ስለ ሌላው የመወሰንን፥ እነዚህንም የመሳሰሉትን የባልና የሚስት መብቶች የሚያገኙበት፥ ግንኙነታቸው ግን ጋብቻ ተብሎ የማይጠራበት ሥርዓት ነው። ይህ መንገድ ለያዙት እንደራሴዎች መጠለያ ሆኗልን?

በመጀመሪያ የተፈተነው ቬርሞንት በምትባለው ትንሽ ክፍለ ግዛት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 20 ቀን 1999 የክፍለ ግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፥ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች የተጋቡ ሰዎች የሚያገኙትን ጥቅምና ጥበቃ ማግኘት ይገባቸዋል ሲል ፈረደ። የአፈጻጸሙን መንገድ ግን ለሕግ አውጭው ተወለት። ምክር ቤቱም ጋብቻን ትቶ የሲቪል ኅብረትን መረጠ። አገረ ገዥው ሃዋርድ ዲን ሕጉን የፈረሙት ኤፕሪል 26 ቀን 2000 ያለ ሥነ ሥርዓት በዝግ ክፍል ነበር፤ ከዚህም አድራጎት ብቻ የመራጩ ቁጣ ምን ያህል ያሠጋ እንደ ነበር መገመት ይቻላል።

ሥጋቱም ከንቱ አልነበረም። «ቬርሞንትን እናስመልስ» የሚል ጽሕፈት በየግቢውና በየእህል ጎተራው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሕጉን ከደገፉት ሪፑብሊካን እንደራሴዎች አንዳንዶቹ ገና በፓርቲያቸው የእጩዎች ምርጫ ተሸነፉ። በኖቬምበር ደግሞ ዴሞክራቶች በሕግ መምሪያው ምክር ቤት የነበራቸውን ብልጫ አጡ። ዲን ራሳቸው ያሸነፉት ከመቶ 50 ጥቂት ብቻ በሚበልጥ ድምፅ ነው፤ ከግማሽ በላይ ባያገኙ ኖሮ አገረ ገዥውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ በሆነ ነበር። እንግዲህ ጋብቻን አልፈቀድንም ማለት እነዚያን እንደራሴዎች አላዳናቸውም። በዚያን ጊዜ ጋብቻን የፈቀደ አንድም ክፍለ ግዛት ስላልነበረ፥ በመራጩ ዓይን የሲቪል ኅብረት ራሱ የዳር አሳብ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በሜይ 2004 በማሳቹሴትስ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በፍርድ ቤት ውሳኔ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ጆን ኬሪ ጋብቻውን ተቃውመው የሲቪል ኅብረትን ደገፉ። ጋብቻ በሕገ መንግሥት እንዲወሰን የጠየቁት ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ እንኳ ክፍለ ግዛቶች የሲቪል ኅብረትን ቢፈቅዱ እንደማይቃወሙ ተናገሩ። በ2000 ወንበር ያሳጣው አሳብ በ2004 የጥንቁቆች መጠለያ ሆነ። አሳቡ ያው ነው፤ የተንቀሳቀሰው ዳሩ ነው።

መራጩም ስሙንና መብቱን ለይቶ የሚመዝንበት ጊዜ አለ። በ2006 ለአሪዞና ሕዝብ የቀረበው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ብቻ ሳይሆን ላልተጋቡ ሰዎች ሁሉ ጋብቻን የመሰለ ማናቸውንም ሕጋዊ መብት የሚከለክል ነበር። ተቃዋሚዎቹ፥ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም ይጎዳሉ እያሉ ስላስረዱ ማሻሻያው ወደቀ። በ2008 ግን ስለ ጋብቻ ብቻ የሚናገር አጭር ማሻሻያ ቀርቦ አለፈ።

የሆነ ሆኖ መካከለኛው ቦታ ለዘለቄታው አልጸናም። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የጋብቻን ጥቅም ስለ ከለከለ፥ በቬርሞንት የተመዘገቡትም በፌዴራሉ መንግሥት ዘንድ እንደ ባልና ሚስት አይቆጠሩም ነበር፤ ከክፍለ ግዛቲቱ ድንበር ሲወጡም መብታቸው አጠራጣሪ ይሆን ነበር። በ2009 የቬርሞንት ምክር ቤት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጋብቻውን ፈቀደ። አገረ ገዥው ጂም ዳግላስ ሕጉን ቢጥሉትም፥ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ23 ለ5፥ የሕግ መምሪያው በ100 ለ49 ድምፅ ኤፕሪል 7 ቀን አጸደቁት። ከመቶው እንደራሴዎች አንዱ እንኳ ቢለይ ኖሮ ሁለት ሦስተኛው ድምፅ ባልሞላ ነበር። ጁን 26 ቀን 2015 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጋብቻው በመላው አገር እንዲፈቀድ ስለ ፈረደ፥ የሲቪል ኅብረት ለተወዳዳሪዎች የነበረው ጥቅም አበቃ።

ከዚህ የምንረዳው፥ መካከለኛ የሚባለው ቦታ በራሱ የቆመ እንዳልሆነ ነው፤ መካከል መሆኑ የሚታወቀው በግራና በቀኝ ከቆሙት ነው። በ2000 ድምፃቸውን የሰጡት የቬርሞንት እንደራሴዎች አንዳንዶቹ ወንበራቸውን አጡ፤ ያወጡት ሕግ ግን ሳይሻር ቆየ። ስለዚህ አንድን ስምምነት ስንመዝን ሁለት ነገሮችን ለይተን መጠየቅ ይገባናል፤ አንደኛው ለተወዳዳሪው የሚሰጠው ጥቅም፥ ሁለተኛው ሕጉ ለሚመለከታቸው ሰዎች የሚሰጠው ጥቅም ነው። የቬርሞንት ታሪክ እንደሚያሳየው ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።