በዘር የሚወረስ የመስማት ጉድለት

ናይሮቢ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይዘረጋ የነበረው የምድር ባቡር ሐዲድ ሠራተኞች የሰፈሩበት ረግረጋማ ሜዳ ቀስ በቀስ አድጎ ከተማ ሆነ። ዛሬ ኪኩዩው፣ ሉኦው፣ ካምባው፣ ሉህያው፣ ሶማሌው፣ አያቱ ከሕንድ የመጣው ነጋዴ ሁሉ ጎን ለጎን ይኖርባታል። ይህ የሕዝቦች መቀላቀል የመስማት ጉድለት እንዴት እንደሚወረስ ለመረዳት ለሚሻ ሰው ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለው።

በከተማይቱ ውስጥ ከአገሪቱ ትልቁ የሆነው የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ይገኛል። እንዲህ ወዳለው ሆስፒታል የጆሮ ሐኪም ዘንድ ልጃቸውን ይዘው የሚቀርቡ ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «በዘራችን መስማት የተሳነው ሰው የለም፤ ታዲያ ይህ ልጅ ከማን ወረሰው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ሲያጣ ቦታውን ሐሜት ይይዘዋል። በኬንያም ሆነ በኢትዮጵያ ነገሩን ከእርግማን ወይም ከኃጢአት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ወቀሳውም አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በእናቲቱ ላይ ነው።

ለጥያቄው መልስ ለማግኘት አስቀድሞ የጆሮን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። ድምፅ የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ከታምቡሩ በስተ ኋላ ያሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ንዝረቱን ተቀብለው የቀንድ አውጣ ዛጎል ወደሚመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ያስተላልፋሉ። ይህ ክፍል በፈሳሽ የተሞላ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት ተደርድረውበታል። ፈሳሹ ሲናወጥ ፀጉሮቹ ዘንበል ይላሉ፤ በዚህ ጊዜ ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ሕዋሳቱ ይገባና የድምፁ መልእክት በነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ይሄዳል። የገባው ፖታሲየም ደግሞ ተመልሶ ወደ ቦታው መወሰድ አለበት። እነዚህ ሁሉ ክፍሎች የሚሠሩት በዘረ መል ውስጥ በሰፈረው ትእዛዝ መሠረት ነው። በብዙ እጅ የተሠራ ቤት በአንዱ ሠራተኛ ስሕተት እንደሚያፈስ ሁሉ፣ ከትእዛዞቹ አንዱ ብቻ ሲበላሽ መስማት ሊጠፋ ይችላል። እስካሁን የመስማት ጉድለትን ብቻ እንደሚያስከትሉ የታወቁት ዘረ መሎች ከ100 ይበልጣሉ።

ከእነዚህ መካከል ስሙ በብዛት የሚጠቀሰው «ጂ ጄ ቢ 2» የሚባለው ነው። ይህ ዘረ መል ኮኔክሲን 26 የተባለውን ፕሮቲን ያሠራል፤ ፕሮቲኑም ፖታሲየሙ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚያልፍበት በር ነው። የዘረ መሉ መበላሸት ከመስማት ጉድለት ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር።

ማንኛውም ሰው ከእያንዳንዱ ዘረ መል፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱን ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ይወርሳል። አብዛኞቹ የመስማት ጉድለት ዘረ መሎች ድብቅ ናቸው። አንዱ ቅጂ ቢበላሽም ሌላው ሥራውን ስለሚያከናውን ሰውየው ያለ ችግር ይሰማል፤ የተበላሸውን መያዙንም ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። አንድ ዓይነት ብልሽት የያዙ ባልና ሚስት ሲገናኙ ግን፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይህም ማለት ከአራት ልጆች አንዱ የግድ መስማት ይሳነዋል ማለት አይደለም፤ ዕጣው በየወሊዱ እንደ አዲስ ይጣላል። ስለዚህ በዘሩ መስማት የተሳነው ሰው የማይታወቅ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ልጅ ቢወልድ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። የአባትና የእናት ድርሻም እኩል ስለሆነ፣ እናትን ብቻ መውቀስ ፈጽሞ መሠረት የለውም።

ድብቁ ብልሽት በዘመዳሞች ጋብቻ ጊዜ በቀላሉ ይገናኛል። የአክስትና የአጎት ልጆች ከዘረ መላቸው አንድ ስምንተኛውን ከአያቶቻቸው በጋራ ይወርሳሉ። በኢትዮጵያ ደገኞች ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥሮ የመጋባት ልማድ ለሌላ ምክንያት የተደነገገ ቢሆንም፣ ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁሉም ብልሽት ግን ድብቅ አይደለም። አንዱ የተበላሸ ቅጂ ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ሲሆን ዕድሉ ከሁለት አንድ ይሆናል። ቫርደንበርግ በተባለው የደች ሐኪም ስም የሚጠራው ሕመም ለዚህ ምሳሌ ነው። ከመስማት ጉድለት ጋር በግንባር ላይ የሚታይ ነጭ የፀጉር ዘለላ ወይም ሰማያዊ ዓይን ያስከትላል፤ በኬንያውያን ላይም ታይቷል። ከእናት ብቻ የሚወረስም አለ። ይህን የያዘ ሰው እንደ ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ሲሰጡት፣ ሌላውን ሰው በማይጎዳ መጠን እንኳ መስማት ሊያቆም ይችላል። መርፌው ከመወጋቱ በፊት በእናት ወገን በመድኃኒት ምክንያት መስማት ያቆመ ሰው መኖሩን መጠየቅ አንድን ሕፃን ከዚህ አደጋ ሊያድነው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በኬንያና በሱዳን መስማት የተሳናቸው ልጆች ላይ «ጂ ጄ ቢ 2»ን መርምሮ ነበር። በአውሮፓ እጅግ የተለመደው ብልሽት በእነዚህ ልጆች ዘንድ በጣም ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ለአውሮፓውያን ታስቦ በተዘጋጀ ምርመራ «ምንም አልተገኘም» የተባለ የናይሮቢ ልጅ እንግዲህ ጉድለቱ ከዘር አይደለም ሊባል አይችልም፤ ያልተፈተሸ ሌላ ዘረ መል ሊኖር ይችላልና።

በጋና የምትገኘው አዳሞሮቤ የተባለች መንደር የዚህ ተቃራኒ ናት። በዚያ ብዙ ሰዎች ለብዙ ትውልድ መስማት ተስኗቸው ስለኖሩ የራሳቸውን የምልክት ቋንቋ ፈጥረዋል። ምክንያቱ በዚሁ ዘረ መል ላይ የደረሰ አንድ የተለየ ብልሽት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1998 ተገልጿል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የመንደሩ አለቃ መስማት የተሳናቸው እርስ በርስ እንዳይጋቡ ከልክለው ነበር። ሕጉ ጨካኝ ከመሆኑም በላይ ብልሽቱን ከመንደሩ ሊያጠፋው አይችልም፤ ድብቁን ቅጂ የሚሸከሙት በደንብ የሚሰሙትም ናቸውና። በናይሮቢ ደግሞ ጭራሽ ትርጉም የለውም። አንዱ ከሐይቁ ዳር፣ ሌላዋ ከባሕሩ ጠረፍ የመጡ መስማት የተሳናቸው ባልና ሚስት የያዙት ድብቅ ብልሽት በተለያየ ዘረ መል ላይ ከሆነ፣ የአንዱን ጉድለት የሌላው ጤናማ ቅጂ ስለሚሸፍነው ልጆቻቸው የሚሰሙ ይሆናሉ። ከሁለቱ የአንዳቸው ጉድለት የመጣው በማጅራት ገትር ወይም በኩፍኝ ከሆነ ደግሞ ያ ጉድለት ከመጀመሪያውም ለልጁ የሚወረስ አይደለም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኦቶፈርሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ መል የተበላሸባቸው ሕፃናት ጤናማ ቅጂ በጆሯቸው ውስጥ ተጨምሮላቸው መስማት እንደጀመሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቧል። ሕክምናው የሚረዳው ግን ያን አንድ ዘረ መል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የትኛው ዘረ መል እንደተበላሸ ያልታወቀለት ልጅ ከዚህ ዓይነቱ ሕክምና ሊጠቀም አይችልም። የሕፃን አንጎል ቋንቋ የሚቀበልበት ዘመን ደግሞ አጭር ነው፤ ምርመራና ሕክምና እስኪደርስ ቆሞ አይጠብቅም። የመስሚያ መሣሪያ የሚረዳው ልጅ በጊዜ ሊያገኘው፣ የማይረዳውም በጊዜ የምልክት ቋንቋ ሊማር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት የኬንያን የምልክት ቋንቋ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር የምክር ቤቱ የሥራ ቋንቋ አድርጎታል።