በባሕር ዳር ድልድይ ላይ ነፋስን ስለ መለካት

ነፋስ በዓይን አይታይም፤ ሥራው ግን ይታያል። ገበሬ በአውድማ ላይ ምርቱን ለማዝራት ሲነሣ አስቀድሞ ጥቂት ገለባ ወደ ላይ በትኖ ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣና ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ይመረምራል። ነፋሱ ቢደክም ይቆያል፤ እጅግ ቢበረታም ፍሬው ከገለባው ጋራ እንዳይበተንበት ላይዳውን ያስቀምጣል። በባሕር ዳር የተሠሩትን ታላላቅ ድልድዮች የሚጠብቁ ሰዎችም ሌትና ቀን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ገበሬው የሚጠብቀው እህሉን ሲሆን እነርሱ የሚጠብቁት የሰውን ሕይወት ነው። ይህም ልማድ የተገኘው ያለ ዋጋ አይደለም፤ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

በስኮትላንድ አገር በስተ ምሥራቅ ቴይ የሚባል ወንዝ አለ። ዳንዲ በምትባለው ከተማ አጠገብ ወደ ባሕር ሲገባ አፉ እጅግ ይሰፋል። ቶማስ ባውች የሚባሉ መሐንዲስ በዚህ ስፍራ ርዝመቱ ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የምድር ባቡር ድልድይ ሠሩ። ድልድዩም በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1878 ዓ. ም. ለመንገደኞች ተከፈተ፤ ከዚህ በታች የሚጻፉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በዓመቱ ንግሥት ቪክቶሪያ ተሻገሩበት፤ ለመሐንዲሱም የሰር ማዕርግ ሰጧቸው። በዚያን ጊዜ ስለ ድልድዩ ጽናት የሚጠራጠር ሰው ጥቂት ነበረ።

በ1879 ዓ. ም. ዲሴምበር 28 ቀን፥ ይኸውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 19 ቀን 1872 ዓ. ም.፥ እሑድ ማታ ከምዕራብ በኩል ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ። ባቡሩ መንገደኞቹን ይዞ ወደ ድልድዩ ገባ፤ ወደ ማዶ ግን አልደረሰም። ለመርከብ መተላለፊያ ተብለው በመካከል ከፍ ያሉት 13 ክፍሎች ከነምሰሶዎቻቸው ወደቁ፤ ባቡሩም አብሮ ሰጠመ። ከተሳፈሩት አንድ ሰው እንኳ አልዳነም። መሞታቸው በየስማቸው የተረጋገጠው 59 ናቸው።

ከዚህ በኋላ መንግሥት መርማሪዎችን አቆመ። ምሰሶዎቹ ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ ነበሩ፤ ማሰሪያዎቹ የተያያዙባቸውም የብረት ጆሮዎች ደካሞች ሆነው ተገኙ። መሐንዲሱ ለነፋስ ግፊት ምን ያህል እንዳሰቡ ቢጠየቁ የተለየ ሒሳብ እንዳላደረጉለት ተናገሩ። የዚያን ሌሊት ነፋስ ኃይሉ ምን ያህል ነበረ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ግን ቍርጥ ያለ መልስ አልተገኘም፤ በድልድዩ ላይ ነፋሱን መዝግቦ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረምና። በወንዙ ዳር የነበሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው እንደ መሰላቸው መሰከሩ። መርማሪዎቹም ድልድዩ በአሳቡም፥ በሥራውም፥ በጥበቃውም ጕድለት እንደ ነበረበት ፈረዱ። መሐንዲሱ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ።

ከቴይ በስተ ደቡብ ፎርዝ በሚባለው ሌላ የወንዝ አፍ ላይ ድልድይ ለመሥራት የተነሡት መሐንዲሶች፥ ጆን ፋውለርና ቤንጃሚን ቤከር፥ ከዚህ ጥፋት ትምህርት ወሰዱ። ሥራው በተጀመረበት ጊዜ በ1882 ዓ. ም. ኢንችጋርቪ በምትባለው ደሴት ላይ የነፋስን ግፊት የሚቀበሉ ሰሌዳዎች አቆሙ። አንዱ ሰሌዳ ስፋቱ 28 ካሬ ሜትር ያህል ነበረ፤ ሌሎቹ ግን እያንዳንዳቸው የአንድ ካሬ ሜትር ሰባተኛ እጅ ያህል ብቻ ነበሩ። ሲመረመርም ስፋታቸው እኩል ሆኖ ቢታሰብ ትንሾቹ ከትልቁ የበለጠ ግፊት የሚያሳዩ ሆኑ። ምክንያቱም ነፋስ በቦይ እንደሚሄድ ውኃ እኩል አይፈስም፤ ከገበያ እንደሚመለስ ሕዝብ ነው፤ በአንዱ በኩል ይጋፋል፥ በሌላው በኩል ይላላል። ጠባቡን ሰሌዳ የሚጋፋው ክፍል ብቻ ሊመታው ይችላል፤ በሰፊው ላይ ግን ብርቱውም ደካማውም አንድ ላይ ያርፋል። የሆነ ሆኖ ከእንግዲህ ወዲህ የሚሠሩ የምድር ባቡር ድልድዮች በአንድ ካሬ ሜትር 270 ኪሎ ያህል የነፋስ ግፊት እንዲችሉ ተወሰነ። የፎርዝም ድልድይ በዚሁ ልክ ተሠርቶ በ1890 ዓ. ም. ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም ባቡር ይሻገርበታል።

ነፋስን በሚለካ ሰው ዘንድ ሁለት ነገሮች ሊታወቁ ይገባል። መጀመሪያ፥ የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በአራት እጥፍ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት የሚመስል የፍጥነት ጭማሪ ታላቅ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛ፥ የዐሥር ደቂቃ ነፋስ በአማካይ ቢቈጠር ድንገት የሚገፋው ነፋስ ይሰወራል፤ መኪናን የሚገለብጠው ግን ያው የጥቂት ቅጽበት ግፊት ነው። ስለዚህ ጠባቂዎቹ አማካዩንም ድንገተኛውንም ለየብቻ ይመዘግባሉ። መለኪያውም የሚቆመው ተሻጋሪው በሚያልፍበት ከፍታና የድልድዩ ምሰሶ ነፋሱን በማይጋርድበት ቦታ ነው፤ በሸለቆ ተለክቶ በተራራ አይፈረድምና።

ዛሬ በዚያው በቴይ ላይ በ1966 ዓ. ም. የተከፈተ የመኪና ድልድይ አለ። በዚህ ድልድይ ነፋሱ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርስ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ እንዳያልፍ ይከለከላል። ከዚያ ሲበረታ ረጃጅሞቹ የጭነት መኪኖች ይታገዳሉ። 129 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርስ ድልድዩ ለመኪና ሁሉ ይዘጋል፤ በዚህ ጊዜ ግፊቱ በመጀመሪያው ክልከላ ጊዜ ከነበረው ከሦስት እጥፍ ይበልጣልና። የአውድማን ሥራ የሚያውቅ ሰው የዚህን ሥርዐት ምክንያት በቀላሉ ያስተውላል። ጎኑ ሰፊ ሆኖ ለስፋቱ ክብደት የሌለው እንደ ገለባ ነው፤ ዝቅ ብሎ ጎኑ የጠበበው ግን እንደ ፍሬ ነው።

ጠባቂዎች የሚመለከቱት ነፋስን ብቻ አይደለም፤ ጭጋግንና ውርጭንም ይመረምራሉ። በፎርዝ ላይ በ2017 ዓ. ም. የተከፈተው አዲሱ የመኪና ድልድይ መኪኖችን ከነፋስ የሚጋርድ አጥር ተሠርቶለታል። ሆኖም በ2020 ዓ. ም. ፌብሩዋሪ ወር ድልድዩን ከያዙት ገመዶች በረዶ እየተቀረፈ በመኪኖች ላይ ስለ ወደቀ መንገዱን መዝጋት ግድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በረዶ መያዙን የሚያመለክቱ መሣሪያዎች ተጨመሩ። ከአንዱ አደጋ የተጠነቀቀ ሁሉ ከሌላው ድኗል ማለት አይደለም።

የዚህ ሁሉ ጥበቃ ዋና ነገሩ ግን መሣሪያው ብቻ አይደለም። ቍጥሩ እዚህ ሲደርስ ይህ ይደረግ ተብሎ በጸጥታው ቀን አስቀድሞ መወሰኑ ነው። ዐውሎ ነፋስ በተነሣ ጊዜ አንዱ እቸኩላለሁ ይላል፥ ሌላው ትናንት አልፌ ነበር ይላል። ጠባቂው ግን ከማንም ጋራ አይከራከርም፤ የተጻፈውን ቍጥር አይቶ መንገዱን ይዘጋል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎች በዓይን ሊያሳዩት ይችላሉ። ሁለት ትንንሽ ቅሎች ለሁለት ለሁለት ተሰንጥቀው አራቱ ግማሾች በመስቀል ቅርጽ በተያያዙ ቀጫጭን እንጨቶች ጫፍ ይታሰሩ፤ አፋቸውም ሁሉ በዙሪያው ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለስ። መካከሉ በምስማር በረጅም እንጨት ራስ ላይ ይተከል፤ ነገር ግን በቀላሉ ይዙር። የቅሉ ጎድጓዳ ፊት ከክቡ ጀርባው ይልቅ ነፋስን ስለሚይዝ መሣሪያው ይዞራል፤ ሮቢንሰን የሚባሉ የአየርላንድ ሰው በ1846 ዓ. ም. የሠሩት መለኪያም በዚሁ ጠባይ የሚሠራ ነው። ከቅሎቹ አንዱ ቀይ ቀለም ተቀብቶ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በጧት፥ በቀትርና በማታ ይቈጠር፤ በመዝገብም ይጻፍ። ቍጥሩ የነፋሱን ፍጥነት በኪሎ ሜትር አይናገርም፤ የዛሬው ከትናንቱ መበርታቱን ወይም መድከሙን ግን ያስረዳል። ሽማግሌዎችም በልማድ የሚያውቁትን የነፋስ ወራት ከመዝገቡ ጋራ ቢያስተያዩ የልማድ ዕውቀትና የመለኪያ ዕውቀት እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ። የቴይ ድልድይ በወደቀበት ሌሊት ያልነበረው ይህ መዝገብ ነበር።