አደራ የተቀበለ ትምህርት ቤት፦ ለድንገተኛ አደጋ አስቀድሞ ስለ መዘጋጀት

በየማለዳው ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኙ በቃል የማይነገር፣ ነገር ግን በሁለቱም ወገን የታወቀ አደራ ይሰጣሉ። ልጁ የትምህርት ቤቱን ደጅ ካለፈባት ሰዓት አንሥቶ ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ ዕውቀት ማስጨበጥ ብቻ ሳይሆን ሕይወቱን መጠበቅም የትምህርት ቤቱ ኀላፊነት ነው። ይህ አደራ በአዘቦቱ ቀን አይፈተንም። የሚፈተነው ምድር ስትናወጥ፣ ጎርፍ ሲደርስ፣ እሳት ሲነሣ ወይም የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ነው። በዚያች ሰዓት ደግሞ ሰው የሚያደርገው አስቀድሞ የወሰነውንና የተለማመደውን እንጂ በድንጋጤ መካከል አዲስ የሚያስበውን አይደለም።

አደጋው ከእኛ የራቀ አለመሆኑን የቅርብ ጊዜ ታሪካችን ይመሰክራል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች አዋሳኝ፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ በተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የስምጥ ሸለቆ ምድር ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ ከተማ በተመሳሳይ አደጋ ወድማለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተትም እንዲሁ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል።

የሁለት ትምህርት ቤቶች ታሪክ

ዝግጅት በሕይወትና በሞት መካከል ያለውን ልዩነት እንዴት እንደሚወስን በጃፓን የሆነው ነገር በግልጽ ያሳያል። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ጠረፍ መጠኑ ወደ 9 የሚጠጋ ርዕደ መሬት ደረሰ፤ ከባሕር የተነሣው ታላቅ ማዕበልም (ሱናሚ) የጠረፉን ከተሞች አጥለቀለቀ።

በኢሺኖማኪ ከተማ ከባሕር 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በወንዝ ዳር የተሠራ ኦካዋ የተባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ነውጡ እንደቆመ መምህራኑ ልጆቹን በሥርዓት ወደ ግቢው አወጡ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወዴት እንሂድ በሚለው ነገር ሳይስማሙ ወደ 50 ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ በግቢው ውስጥ ቆዩ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ ነበረ። በመጨረሻ በወንዙ ድልድይ አጠገብ ወዳለ ከፍ ያለ ቦታ መንገድ ሲጀምሩ ማዕበሉ ደረሰባቸው። 74 ተማሪዎችና 10 መምህራን አለቁ። ትምህርት ቤቱ የአደጋ ጊዜ መመሪያ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ነበረው። ነገር ግን ሱናሚ ቢመጣ የሚሸሽበት ቦታ በአቅራቢያ የሚገኝ ባዶ መሬት ወይም መናፈሻ ነው ከማለት በቀር የትኛው ቦታ እንደሆነ ለይቶ አልጻፈም። የሟቾቹ ወላጆች ባቀረቡት ክስ የሀገሪቱ ፍርድ ቤት የፈረደውም በዚሁ ነጥብ ላይ ነው፤ ጥፋቱ በዚያ ቀን የተፈጸመ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በዝግጅት ማነስ የተፈጸመ ነው አለ። ፍርዱም በ2012 ዓ.ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጸና።

በዚያው ጠረፍ በምትገኘው በካማይሺ ከተማ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በዚያ ካታዳ የተባሉ የዩኒቨርሲቲ ምሁር ለዓመታት ከመምህራን ጋር ሆነው ልጆቹን ሦስት ነገር አስተምረው ነበር፦ አደጋው ከተገመተው በላይ ሊሆን ይችላል፤ በዚያች ሰዓት የምትችሉትን ሁሉ አድርጉ፤ ሌላው እስኪነሣ ሳትጠብቁ ቀድማችሁ ሽሹ። ነውጡ ሲያቆም የአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወደ ከፍታው መሮጥ ጀመሩ። የጎረቤቱ አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ፎቅ ላይ ወጥተው ነበር፤ ታላላቆቹን ሲያዩ ወርደው ተከተሏቸው፤ ትልልቆቹም የትንንሾቹን እጅ ያዙ። አስቀድሞ የተወሰነው ቦታ ሲደርሱ አጠገቡ ያለው ገደል ሲናድ አይተው ከዚያም በላይ ወጡ። የደረሱበትን የመጀመሪያ ቦታ ማዕበሉ ጥቂት ቆይቶ ዋጠው። በከተማዪቱ ከነበሩት ወደ 3 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተረፉ።

በሁለቱም ስፍራ መምህራኑ ልጆቹን ይወዱ ነበር፤ በሁለቱም ስፍራ የተጻፈ ወረቀት ነበረ። ልዩነቱ ውሳኔው መቼ እንደተሠራ ነው። በካማይሺ አስቀድሞ ተሠርቶ በልጆቹ እግር ላይ ሳይቀር ሰፍሮ ነበር። በኦካዋ ግን ለአደጋው ሰዓት ተላልፎ ነበር።

በሰላሙ ጊዜ መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች

ስለዚህ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ማለት በርእሰ መምህሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሰነድ ሳይሆን አስቀድመው የተሠሩ ውሳኔዎች ስብስብ ነው። አብዛኞቹ ውሳኔዎች ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ሐሳብና ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ሊደርስብን ይችላል የሚለው ነው። ርእሰ መምህሩ፣ ሁለት ሦስት መምህራን፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ተወካይና አካባቢውን ለረጅም ዘመን የሚያውቁ አንድ አረጋዊ ሆነው ግቢውንና ዙሪያውን ይዙሩ። የትኛው ግድግዳ ተሰንጥቋል? በክረምት ውኃ የሚወርደው በየት ነው? የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሩ ከየትኛው ክፍል አጠገብ ነው? የምገባው ማብሰያ እሳት ከሣር ክዳን ምን ያህል ይርቃል? በመስኮቶቹ ላይ የተበየደው የብረት ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ነው? አርፋጆችን ለመቆጣጠር የሚቆለፈው የኋላ በር ቁልፍ በማን ኪስ ነው? በድሬዳዋ እንደታየው ጎርፉን ያመጣው ዝናብ ከከተማው ርቆ በደጋው ላይ የዘነበ ሊሆን ስለሚችል ዙሪያውን መመልከት ከግቢው አጥር ማለፍ አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን ይወስናል የሚለው ነው። ርእሰ መምህሩ ለስብሰባ ወደ ወረዳ በሄዱበት ቀን ውሳኔው የማን እንደሆነ፣ እርሳቸውም ከሌሉ ቀጥሎ ማን እንደሆነ በስም ይጻፍ። የተመደበው ሰው የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ትምህርቱን ማቋረጥና ልጆቹን ማንቀሳቀስ እንዲችል በግልጽ ሥልጣን ይሰጠው። ሳያስፈልግ ልጆችን በማስወጣቱም ሊወቀስ አይገባም፤ ወቀሳ የሚፈራ ሰው ያመነታልና።

ሦስተኛው ጥያቄ ምልክቱ ምንድን ነው የሚለው ነው። ለአደጋ ሁሉ አንድ ዓይነት ደወል አይበቃም፤ የአንዱ መዳኛ የሌላው ጥፋት ሊሆን ይችላል። እሳት ሲነሣ ፈጥኖ መውጣት ያስፈልጋል፤ ጢስ ካለም ጎንበስ ብሎ። ምድር በምትናወጥበት ቅጽበት ግን ወደ ደረጃ መሮጥ ለመረጋገጥና ለሚወድቅ ፍርስራሽ ያጋልጣል። ተማሪው ዴስክ ሥር ገብቶ ራሱንና አንገቱን ሸፍኖ የዴስኩን እግር ይዞ ይቆያል፤ ዴስኩ የማያስገባው ከሆነ ከመስኮት ርቆ ተንበርክኮ ራሱን በቦርሳውና በክንዱ ይከልላል። የሚወጣው ነውጡ ሲቆም ነው። በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ ደካማ ክፍሎች ያሏቸው ትምህርት ቤቶች ግን ለእነዚያ ክፍሎች የሚስማማውን ከባለሙያ ጋር ተመካክረው አስቀድመው ይወስኑ። የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ልጆችን በሜዳ መሰብሰብ አደገኛ ነው፤ በር ዘግቶ፣ ከመስኮት ርቆ፣ ወለል ላይ መተኛት ይሻላል። ስለዚህ ውጡ የሚለውና ባላችሁበት ቆዩ የሚለው ምልክት በድምፃቸው የተለያዩ ይሁኑ። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ደወል ስለማይሠራ ፊሽካ ወይም በእጅ የሚደወል ደወል ይዘጋጅ።

አራተኛው ጥያቄ የት እንገናኛለን የሚለው ነው። መሰብሰቢያው በስሙ የሚጠራ አንድ ቦታ ይሁን፤ ያ ቢዘጋ ሁለተኛ ቦታ ይኑር። ከግንብ አጥር፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከወንዝ ዳር የራቀ መሆን አለበት። መምህሩ የስም መጥሪያውን ይዞ ይወጣል፤ እዚያ እንደደረሰ ስም ይጠራል፤ የጎደለ ካለ ያሳውቃል። ማየት፣ መስማት ወይም መራመድ የሚቸግራቸው ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ማን እንደሚረዳቸው በስም ይመደብ።

አምስተኛው ጥያቄ ልጁ ለማን ይሰጣል የሚለው ነው። በብዙ ቦታ አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ሐሳብ ልጆቹን ወደ ቤታቸው መልቀቅ ነው። ነገር ግን በመንገዱ ላይ የሞላ ወንዝ የሚሻገር ሕፃን ከትምህርት ቤት በመውጣቱ ብቻ ከአደጋ አልወጣም። እያንዳንዱ ተማሪ ለማን ሊሰጥ እንደሚችል የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስምና ስልክ ተመዝግቦ፣ ከትምህርት ቤቱ ውጭም አንድ ቅጂ ይቀመጥ። ወላጆችም ልጃቸውን ከየት በር እንደሚረከቡ በዓመቱ መጀመሪያ ይነገራቸው።

ርዳታና ጥንቃቄ

የጎፋው ሐዘን አንድ ከባድ ትምህርት ትቶልናል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ሁለተኛው ናዳ ወረደ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለርዳታ የሮጡ ነበሩ። ወገንን ለመርዳት መሮጥ የሕዝባችን መልካም ጠባይ ነው። ይሁን እንጂ በዕቅዱ ውስጥ ማን ለርዳታ እንደሚቀርብ፣ ማን ልጆቹን ይዞ ከስፍራው እንደሚርቅ፣ አደጋው ሊደገም መቻሉን ማን እንደሚመለከት ይለይ። ተማሪዎች በምንም መንገድ ፍርስራሽ ወደሚነሣበት ቦታ አይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907፣ በአዲስ አበባም የእሳት አደጋ ቁጥር 939 በየክፍሉ በር ይለጠፍ፤ በሌላ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ደግሞ የቅርቡን ጤና ጣቢያ፣ ፖሊስና ቀበሌ ስልክ አጣርቶ ይጻፍ።

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ያለው ሁኔታ የተለየ ትኩረት ይሻል። ተማሪዎቹ ከወላጆቻቸው ርቀው በተጠጋጉ የሣር ጎጆዎች ያድራሉ፤ ሌሊትም በጧፍ ወይም በኩራዝ ብርሃን ያጠናሉ። አንዲት ጎጆ ብትያያዝ እሳቱ ወደ ሌሎቹ ለመዛመት ብዙ አይቆይም። ጎጆዎቹን አራርቆ መሥራት፣ የማብሰያ እሳትን ከመኝታ መለየት፣ መብራቱን በማይወድቅበት ቦታ ማኖር፣ በየጎጆው ደጅ አሸዋና ውኃ ማስቀመጥ፣ ከታላላቆቹ ተማሪዎች በተራ የሌሊት ጠባቂ መመደብ በየሰበካ ጉባኤው አቅም የሚሠሩ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ደወልም አካባቢውን ሁሉ የሚያነቃ ነው፤ የአደጋው አደዋወል ከአገልግሎቱ የተለየ መሆኑን ሕዝቡ አስቀድሞ ይወቅ።

ልምምድና ከአደጋ በኋላ

የተወሰነው ሁሉ ካልተለማመዱት ይረሳል። በየመንፈቀ ዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ልምምድ ይደረግ፤ ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ ለሁለቱም ፈረቃ። አንድ ጊዜ ዋናውን በር ዘግቶ፣ ሌላ ጊዜ ርእሰ መምህሩ በሌሉበት፣ ሌላ ጊዜም በዕረፍት ሰዓት ይሞከር። የመጨረሻው ልጅ መሰብሰቢያው እስኪደርስ ምን ያህል ደቂቃ እንደወሰደ ይጻፍ፤ ችግር የታየበት ነገርም ከሚቀጥለው ልምምድ በፊት ይስተካከል። ሕፃናቱ እንዳይሸበሩ ልምምዱ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ትርጉሙም በረጋ ቃል ይብራራላቸው።

አደጋው ካለፈ በኋላም አደራው አያበቃም። ሕንፃው በባለሙያ ሳይመረመር ልጆች አይመለሱበት። የተማሪዎች ውጤትና መዝገብ ቅጂ በሌላ ቦታ ከተቀመጠ የብዙ ልጆች የዓመታት ድካም ይተርፋል። በጥላ ሥርም ቢሆን ትምህርቱ ቶሎ ሲቀጥል የተደናገጠ ልጅ ወደ ልማዱ ይመለሳል፤ እንቅልፍ ያጣውን፣ ዝም ያለውን ወይም ከሰው የራቀውን ልጅ ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነውና ተከታትሎ ወደሚረዳው ሰው ይምራው።

በመጪው ሳምንት አንድ ትምህርት ቤት ሌላው ሁሉ ባይሆንለት ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል፦ መሰብሰቢያውን በስም መወሰን፣ ርእሰ መምህሩ በሌሉበት የሚወስነውን ሰው መሰየም፣ የኋላውን በር ቁልፍ ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ማስቀመጥ። ከዚያም ልጆቹን አንድ ጊዜ አስወጥቶ ስም መጥራት። አደጋውን ማስቀረት ላይቻል ይችላል፤ በዚያች ሰዓት ወዴት እንሂድ እየተባባሉ መቆምን ግን ማስቀረት ይቻላል።