የተወጋ ልብ ይሰፋል

ጠብ ተነስቶ አንዱ ደረቱ ላይ በጩቤ ሲወጋ፣ «ልቡን አግኝቶታል» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው ሰው ብዙ ነው። ሐኪሞችም ለዘመናት ከዚህ የተለዩ አልነበሩም። አድዋ ላይ ድል በተገኘበት በዚያው በእ.ኤ.አ. 1896፣ በሴፕቴምበር ወር፣ የፍራንክፈርቱ ሐኪም ሉድቪግ ሬን ከሁለት ቀን በፊት የተወጋ የ22 ዓመት ወጣት ደረት ከፈተ። ልቡ በረገበ ቁጥር መርፌውን እያስገባ ቀዳዳውን በሦስት የሐር ስፌት ዘጋው። ወጣቱ ዳነ። ሬን ከአሥር ዓመት በኋላ 124 ተመሳሳይ ታሪኮችን ሰብስቦ ሲያይ ከአሥሩ አራቱ ያህል ተርፈው ነበር።

ልብ የሚመታው በቀላሉ በማይለጠጥ ከረጢት ውስጥ ነው። ከቀዳዳው የወጣው ደም እዚያ ሲጠራቀም ልብን ከውጭ ይጫነዋል፤ በፍጥነት ከሞላ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ደም እንኳ ይገድላል። የደም ግፊት ይወርዳል፣ የአንገት ደም ሥር ይገታተራል፣ የልብ ድምፅ በማዳመጫ ሲሰማ ይታፈናል። ይኸው ከረጢት ግን የሚፈሰውን ደም ስለሚገታ ለቁስለኛው ጥቂት ጊዜ ይገዛለታል። በጩቤ የተወጋ ሰው በጥይት ከተመታው ይልቅ በሕይወት ሆስፒታል የመድረስ የተሻለ ዕድል ያለውም በከፊል ለዚህ ነው።

ሐኪሙ በግራ ጎድን አጥንቶች መካከል ወይም የደረቱን መሐል አጥንት ሰንጥቆ ይገባል። ከረጢቱን ይከፍታል፣ የረጋውን ደም ያወጣል፣ ቀዳዳውን በጣቱ ይደፍናል፤ ከዚያ ልብን የሚመግቡትን ደም ሥሮች እየሸሸ ይሰፋል። በአብዛኛው ልብን ተክቶ ደም የሚያዘዋውረው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ከትልልቅ ሆስፒታሎች ለራቀችው የስማዳ ወረዳ ከተማ ለወገዳ ትልቁ ነገር ይህ መሣሪያ አለማስፈለጉ ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተገኘው የኢትዮጵያ የልብ ማዕከል ያለው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ነው፤ የተወጋ ልብ ያን ያህል መንገድ አይጠብቅም። ከወገዳ ወደ ደብረ ታቦር፣ ሲከፋም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር የሚጻፍለት ቁስለኛ የጉና ተራራን አካባቢ ዳገትና ቁልቁለት እስኪያልፍ ከረጢቱ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ወሳኙ ሥራ በቅርብ ባለው ሆስፒታል መጀመር አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አገሪቱ የምታሠለጥናቸው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በወረዳ ሆስፒታሎች ምጥ የጸናባትን እናት እየታደጉ ነው። ደረትን በአልትራሳውንድ ማየትና ከደረት መሐል አጥንት ጫፍ ሥር ትንሽ ቀዶ ከረጢቱን ማስተንፈስም በሥልጠናቸው ተጠናክሮ ሊሰጣቸው ይገባል። ደሙ ብዙ ጊዜ ስለሚረጋ በመርፌ መሳብ ብቻውን አያስተማምንም።

በስፍራው ያለ ሰው ደግሞ የተሰካውን ጩቤ መንቀል የለበትም። ብረቱ ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖት ሊሆን ይችላል፤ እንዳይነቃነቅ በጨርቅ ዙሪያውን ደግፎ፣ ውኃም ምግብም ሳይሰጥ፣ ቁስለኛውን ቶሎ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።