በባቱ ከፍታ የሚወረወር ኳስ

ከሞጆ ተነስቶ በመቂ በኩል ወደ ደምበል ሐይቅ የሚወርድ መንገደኛ ባቱ ሲደርስ ቆላ የገባ ይመስለዋል። ሙቀቱ ያሳስታል እንጂ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,640 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ውስጥ ያለው የኩርስ ፊልድ ሜዳ 1,580 ሜትር ገደማ ነው። ከስታዲየሙ የላይኛው ደርብ መቀመጫዎች አንዱ ረድፍ ሐምራዊ ቀለም ተቀብቷል፤ እዚያ የተቀመጠ ተመልካች ልክ አንድ ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር ላይ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። አሜሪካኖች እንደ ጉድ የሚያወሩለት ያ ረድፍ እንኳ ከባቱ መሬት ዝቅ ይላል።

በዚያ ሜዳ የሚጫወተው የቤዝቦል ቡድን ኮሎራዶ ሮኪስ ይባላል። በየዓመቱ የካቲት ላይ ወጣት ወርዋሪዎቹን ለመጀመሪያው የዝግጅት ጨዋታ ሲያሰልፍ፣ ሌሎቹ ቡድኖች የማያውቁት አንድ ጭንቀት አብሮት ይሰለፋል። ጭንቀቱ አየር ነው፤ የባቱ ዓይነት ስስ አየር።

ቤዝቦልን አይቶ ለማያውቅ ሰው ከወርዋሪው መጀመር ይሻላል። ወርዋሪው 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለች የአፈር ጉብታ ላይ ይቆማል። 18.44 ሜትር ርቆ ዱላ የያዘ መቺ ይጠብቀዋል፤ ከመቺው ኋላ ጓንት ያጠለቀ ተቀባይ ቁጢጥ ብሏል። ኳሷ ነጭ ቆዳ ለብሳ በቀይ ክር የተሰፋች ናት፤ ክብደቷ 145 ግራም ያህል፣ ስፌቷ 108 ጥልፍ። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ስትወረወር መቺው ዘንድ የምትደርሰው በአራት አስረኛ ሰከንድ ገደማ ነው። መቺው በዚያች ቅጽበት ልምታ ወይስ ልተው ብሎ መወሰን አለበት። ሦስት ስትራይክ (በመምቻው ክልል አልፋ ያልተመታች ወይም ሞክሮ የሳታት ኳስ) ከተቆጠረበት ይወጣል፤ ወርዋሪው ደግሞ አራት ኳስ ከክልሉ ውጪ ከወረወረ መቺው ያለ ትግል ወደ መጀመሪያው ቤዝ (የሩጫው ማረፊያ) ይሄዳል። ሌላው ሁሉ፣ ሩጫውም ቅብብሉም፣ ከዚህ የሁለት ሰው ፍጥጫ የሚወለድ ነው።

ፍጥነት ብቻውን ግን አያዋጣም። በስምጥ ሸለቆ ማሳ ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳ የሚያባርር ልጅ የወንጭፉ ድንጋይ ወዳየበት እንዲሄድለት ነው የሚፈልገው። ወርዋሪው የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ኳሷ ቀጥ ብላ የመጣች መስላ መጨረሻ ላይ እንድትከዳ። ለዚህ አመልካችና መሀል ጣቱን ከስፌቱ ጎን አሳርፎ፣ አውራ ጣቱን ከስር ደግፎ፣ ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ወደ ፊትና ወደ ታች ያሾራታል። ከርቭ የሚሉት ውርወራ ይህ ነው። የምትሾረው ኳስ አየሩን ወደ አንድ ወገን ትገፋለች፤ አየሩም መልሶ ወደ ሌላው ወገን ይገፋታል። መታጠፊያዋን የሚሰጣት ይህ ግፊት ነው።

የዴንቨር አየር ውፍረቱ ከባሕር ጠረፍ አየር አምስት እጅ ቢባል አራት እጁ ያህል ብቻ ነው፤ ባቱም ላይ ያው ነው። የሚገፋው አየር ሲሳሳ መታጠፉም በአምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ጠረፍ ላይ ከዱላው በታች ሾልካ የምታመልጥ ኳስ ዴንቨር ላይ ዱላው መሀል ትገባለች። ከተመታች ደግሞ የሚይዛት አየር ስስ ስለሆነ ከ5 እስከ 10 በመቶ ርቃ ትበራለች። ወርዋሪው በሁለቱም በኩል ተጎጂ ነው።

እኛ ስስ አየርን የምናውቀው በበጎ ነው። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂ እዚሁ አርሲ ከባቱ ማዶ ናት፤ የአድአው ልጅ ማሞ ወልዴ በ1968 እ.ኤ.አ. የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት ሜክሲኮ ሲቲ ነው። ለሯጭ ሳንባ የሚያጠነክረው ከፍታ ለወርዋሪ እጅ እንዲህ መሰናክል መሆኑ ቤዝቦልን ለእኛ አንባቢ የተለየ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ የካቲቱ ጨዋታ። የእኛ ክለቦች ሊጉ ሳይጀመር ለዝግጅት ቢሾፍቱ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ እንደሚከትሙ ሁሉ፣ የአሜሪካ ቡድኖች ግማሾቹ ፍሎሪዳ፣ ግማሾቹ አሪዞና ይከትማሉ። ሮኪስ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኮትስዴል አጠገብ ሶልት ሪቨር ፊልድስ በተባለ ሜዳ ከአሪዞና ዳይመንድባክስ ጋር በጋራ ይሰፍራል። ከቡድኑ ሁሉ ቀድመው የሚገቡት ወርዋሪዎችና ተቀባዮች ናቸው፤ ክንድ እንደ እግር ቶሎ አይሟሟቅምና። ጅማቱ ቀስ በቀስ ካልተላመደ ሊበጠስ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች አንድ ወርዋሪ አንድ ወይም ሁለት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ወርውሮ ይወጣል፤ ሳምንት በሳምንት ይጨመርለታል። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ነባሮቹ ይቀየሩና ጀርባቸው ላይ ሰባ ምናምን፣ ሰማንያ ምናምን የተጻፈባቸው ልጆች ይገባሉ። ትልቅ ቁጥር የሚሰጠው ገና ቦታው ላልጸናለት ነው። ውጤቱ ለሊጉ አይቆጠርም፤ ለልጆቹ ግን እያንዳንዷ ኳስ ትቆጠራለች።

ችግሩ ስኮትስዴል ከዴንቨር ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ማለቱ ነው። ወጣቱ እዚያ ያሳመራት ከርቭ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ዴንቨር ስትደርስ ሌላ ኳስ ሆና ታገኘዋለች። ስለዚህ የዝግጅቱን ጨዋታ የሚያይ ሰው ስንት ለስንት አለቀ ከሚል ይልቅ ልጁ ምን ዓይነት ኳስ እንደወረወረ ቢያይ የተሻለ ነው። ኳሷ ዝቅ ብላ ገብታ ስትመታ መሬት ለመሬት የምትንከባለል ከሆነ ተስፋ አለው። መሬት የነካች ኳስ ከፍታ አይጠቅማትም።

ቡድኑ ይህን የተማረው ብዙ ከፍሎ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ማይክ ሃምፕተን የተባለውን ስመ ጥር ወርዋሪ በስምንት ዓመት 121 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ሃምፕተን ሁለት የውድድር ዘመን ተንገላቶ ተሸኘ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኳሶቹን እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ማስቀመጥ ተጀመረ፤ ደረቅ ኳስ ከዱላ ላይ አብዝታ ትነጥራለች፣ ለጣትም ታዳልጣለች። ክፍሉ ረድቷል፤ የሰማዩን አየር ማወፈር ግን አይችልም።

ስሱ አየር ፈጽሞ አይረታም ማለት ደግሞ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ጃፓናዊ ሂዴኦ ኖሞ በዚሁ ሜዳ አንድም ንጹሕ ምት፣ ማለትም መቺውን ቤዝ የሚያደርስ ምት፣ ሳይሰጥ ጨዋታ ጨርሷል። የኖሞ ዋና መሣሪያ በሁለት ጣቶች መካከል ተሰንጋ የምትወረወር ኳስ ነበረች። ይህች ኳስ ብዙ ስለማትሾር ስበቱ ራሱ ይጥላታል፤ የአየሩን ግፊት ያን ያህል አትጠብቅም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ 2017 እ.ኤ.አ. ነው። ሮኪስ በዚያ ዓመት ጨዋታ የሚጀምሩለትን አራት ጀማሪ ወጣቶች ይዞ ወጣ፤ ካይል ፍሪላንድ፣ ኸርማን ማርኬዝ፣ አንቶኒዮ ሴንሳቴላና ጄፍ ሆፍማን። ቡድኑ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥሎ ማለፉ የበቃው በእነዚህ ልጆች ነው። ፍሪላንድ እዚያው ዴንቨር ተወልዶ ያደገ ነው፤ ሌላው በትልቅነቱ የሚማረውን አየር እሱ በልጅነቱ ወርውሮበታል። በዚያ ሐምሌ በገዛ ሜዳው እስከ መጨረሻው፣ ዘጠነኛው ኢኒንግ ድረስ አንድም ንጹሕ ምት አልሰጠም ነበር። በቀጣዩ ዓመት በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 2.85 ነጥብ ብቻ በመስጠት የክለቡን ምርጥ የአንድ ዘመን ውጤት አስመዘገበ። በሚሊዮኖች የተገዛው ያልቻለውን ከአየሩ ጋር ያደገው ቻለው።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ከፍቷል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ሮኪስ 119 ጨዋታ ተሸንፏል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው የ23 ዓመቱ ቼዝ ዶላንደር ከሜዳው ውጪ ሲጫወት ደህና ወርዋሪ ነበር፤ ዴንቨር ላይ ግን ክፉኛ ተመታ። እጁ ያው እጅ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ በአንድ ዓመት ውጤት መጣል ስህተት ነው፤ ሁለትና ሦስት የካቲት ሊሰጠው ይገባል።

ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። ከባቱ የሄደ ሰው ኩርስ ፊልድ ገብቶ ቢቀመጥ ከፍታው ከትውልድ መንደሩ ያነሰ ነው፤ ልጆቹ እዚያው ቤዝቦል ከጀመሩ ደግሞ እንደ ፍሪላንድ ገና ከጅምሩ በስስ አየር መወርወር ይማራሉ።